ነርስ ሆነው ለካናዳ ሲያመለክቱ የትኛውን የሙያ ኮድ ይምረጡ?

የኤክስፕረስ ኢንትሪ (ካናዳ ባለሙያ ስደተኞችን የምትቀበልበት የኦንላይን ማመልከቻ ሥርዓት) ፎርም ዋና ሙያዎን በአምስት አሃዝ ኮድ እንዲሞሉ ይጠይቃል። ብዙ ነርሶች ዲግሪያቸውን ወይም የመደብ መጠሪያቸውን አይተው ይሞላሉ፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። ኮዱን የሚወስነው በየቀኑ የሠሩት ሥራ ነው።

የኮዱ ሁለተኛ አሃዝ የሙያውን ደረጃ ይናገራል። ከ0 እስከ 3 ያሉት ለኤክስፕረስ ኢንትሪ ይሆናሉ፤ 4 እና 5 አይሆኑም። የነርስ ኮድ ብለው አራት አሃዝ ያለው 3012 ከነገሩዎት የቆየ መረጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ወዲህ በ31301 ተተክቷል።

31301 የታካሚውን ሁኔታ ራሱ ገምግሞ የእንክብካቤ ዕቅድ የሚያወጣ፣ ለውጡን ተከታትሎ ዕቅዱን የሚያስተካክል ነርስ ነው። 32101 በሐኪም ወይም በሌላ ነርስ መሪነት የሚሠራ ነው። መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ሁለቱም ጋ ስላለ መለያ አይሆንም። ሄድ ነርስ የነበሩ ይጠንቀቁ፦ ፕሮግራም ማውጣት፣ ሠራተኛ መገምገምና የክፍሉን በጀት መከታተል ዋና ሥራዎ ከነበረ ኮዱ 31300 ነው። አዋላጆች ደግሞ 31303 ውስጥ ናቸው፤ «አዋላጅ ነርስ» የሚለው መጠሪያ ወደ 31301 እንዳይጎትታችሁ።

ከውጭ የሚያመለክት ሰው ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ በዋናው ሙያ ኮድ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ያልተቋረጠ የተከፈለበት ሥራ ያስፈልገዋል፤ በሳምንት 30 ሰዓት፣ በድምሩ 1,560 ሰዓት። በሳምንት 60 ሰዓት ቢሠሩም ዓመቱ በስድስት ወር አይሞላም። ያልተከፈለበት የተማሪነት ልምምድ አይቆጠርም።

ማመልከቻ በሥራ ልምድ ደብዳቤው ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። ከአገር ቤት የሚመጣው ደብዳቤ «ከዚህ እስከዚህ በነርስነት ሠርተዋል፣ ደመወዛቸው ይህን ያህል ነው» ብሎ ያልቃል። ዝርዝር ተግባሩ፣ የሳምንቱ ሰዓት፣ ጥቅማጥቅሙ፣ የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና አድራሻ መኖር አለበት። ከካናዳ መንግሥት ገጽ ላይ ያለውን የሙያውን ተግባራት ዝርዝር ቃል በቃል አያስገልብጡ፤ መርማሪው ያን ጽሑፍ በየቀኑ ያነበዋል። የሠሩበትን ዋርድና የሠሩትን ሥራ በራስዎ አገላለጽ ያስጽፉ። ቀኑንም ይፈትሹ፦ መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ነው። ደብዳቤው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ፎርሙ በፈረንጅ ከተሞላ ሁለቱ አይገጥሙም። ሐሰት አቅርበዋል ከተባለ ቅጣቱ የአምስት ዓመት እገዳ ነው።

ካናዳ ገብተው ፈቃድ እስኪያገኙ በፒኤስደብልዩ (በግል እንክብካቤ ረዳትነት) የሚሠሩ ነርሶች ሌላ ወጥመድ አለባቸው። በአረጋውያን ማቆያ ወይም በሆስፒታል የሚሠራው 33102 ነው፤ ደረጃው 3 ስለሆነ በካናዳ የሥራ ልምድ መንገድ ይቆጠራል። በታካሚው ቤት የሚሠራው ግን 44101 ነው፤ ደረጃው 4 ስለሆነ በዚያ መንገድ አይቆጠርም። ሰዓቱና ድካሙ ቢመሳሰልም የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት የሚመደቡበትን ቦታ ይጠይቁ፤ ሁለቱንም የሚያሠራ ኤጀንሲ ከሆነ የእያንዳንዱ ቦታ ሰዓት በደብዳቤው ተለይቶ ይጻፍ።

የነርስነት ፈቃዱ የክፍለ ሀገሩ ተቆጣጣሪ ጉዳይ ነው። ከአገር ቤት ባመጡት ልምድ 31301ን ለመምረጥ የካናዳ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ኮዱን መሙላትም ፈቃድ አያሰጥም።