የዕጩ መምህራንን አሳይመንት ከኤአይ ጋር እንዴት እናስተካክለው?

ኮሌጅ ውስጥ መምህራን የምታሰለጥኑ፣ "ለ4ኛ ክፍል ሳይንስ ሌሰን ፕላን አዘጋጁ" የሚለውን አሳይመንት ቻትጂፒቲ በሰከንዶች ስለሚጨርሰው ማርኩን ለማን እየሰጠን እንደሆነ አይታወቅም። በዲቴክተር (ጽሑፍ በኤአይ መጻፉን በሚለይ ፕሮግራም) እይዛለሁ ማለትም አያዋጣም፣ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ የሰራውን መለያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. አቁሞታል፣ ስለዚህ በሱ ተማምኖ ልጆቹን መወንጀል ግፍ ነው።

እንዲህ አድርጉት። ዕጩዎቹ ፕላኑን በኤአይ ያሰሩት፣ ግን ኤአዩን የጠየቁትን በሙሉ ከነመልሱ ያስገቡ። ከዛ ዋናው ስራ ይመጣል፣ ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) የወጡበትን ክፍል እያሰቡ ይተቹት። 60 ተማሪ ባለበት፣ ፕሮጀክተር በሌለበት፣ በ40 ደቂቃ ይሄ ይሰራል ወይ? ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ይገጥማል? አማርኛውስ ለ10 ዓመት ልጅ የሚገባ ነው? ያረሙትን በሌላ ቀለም ያሳዩ፣ ምክንያቱንም ይጻፉ። ትልቁን ማርክ ለዚህ ስጡት፣ ለፕላኑ ማማር ትንሽ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ጓደኞቻቸው ፊት 10 ደቂቃ ያስተምሩበት፣ እናንተም "ይሄን ምሳሌ ለምን መረጥክ?" እያላችሁ ጠይቁ፣ ያልገባው እዚህ ጋር ይታወቃል። ስማርት ስልክ የሌለው እንዳይጎዳ ኤአይ የሰራውን ፕላን ፕሪንት አድርጋችሁ በቡድን ስጧቸው። የህጻናቱን ስምና ውጤት ግን ኤአይ ላይ እንዳያስገቡ ቀድማችሁ ንገሯቸው።