በጋራ የሚከፈት የአክሰስ ፋይል ሲቆለፍ፣ ሒሳብ ሲያዛባና ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ማይክሮሶፍት አክሰስ (መረጃ በሠንጠረዥ የሚያከማች የዳታቤዝ ፕሮግራም) በአንድ ጊዜ እስከ 255 ተጠቃሚ ይቀበላል ቢባልም፣ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ዕቃ መደብር እንዳየሁት አያያዙ ካልተስተካከለ አምስት ሰውም ይበዛበታል።

ችግር፦ አንዱ ከከፈተው ሌላው መክፈት አይችልም።
ምክንያት፦ አክሰስ ፋይሉ ሲከፈት ከጎኑ በዚያው ስም የመቆለፊያ ፋይል ይፈጥራል፤ የመጨረሻው ሰው ሲዘጋ ያጠፋዋል። ተጠቃሚው በፎልደሩ ውስጥ ፋይል የመፍጠር ፈቃድ ከሌለው ወይም ፋይሉ ለብቻ በሚይዝ አከፋፈት ከተከፈተ በጋራ መሥራት አይቻልም።
መፍትሄ፦ ለሁሉም በፎልደሩ ላይ የማንበብ፣ የመጻፍ፣ የመፍጠርና የማጥፋት ፈቃድ ይስጡ፤ በአክሰስ ቅንብር ውስጥም የጋራ አከፋፈትን ይምረጡ። ሁሉም መዝጋቱን ሳያረጋግጡ የመቆለፊያ ፋይሉን በእጅ አያጥፉ።

ችግር፦ የመጋዘን ቀሪ ሒሳብ ከቆጠራው ጋር አይገጥምም።
ምክንያት፦ ከሁሉ አደገኛው ይህ ነው፤ ማንም ሳያውቅ ያልፋልና። ቀሪው 340 ከረጢት ሲሚንቶ ሳለ ሁለት ሽያጭ ሠራተኞች ያንኑ ረድፍ ከፈቱ፤ አንዷ 40 ቀንሳ 300 ብላ መዘገበች፣ ሌላው 340ውን እያየ 25 ቀንሶ 315 ጻፈ። አክሰስ የግጭት ማስጠንቀቂያ ቢያሳየውም «መዝግብ» የሚለውን ስለተጫነ የመጀመሪያዋ ሥራ ጠፋ፤ ትክክለኛው ቀሪ 275 ነበር።
መፍትሄ፦ በፎርሙ (መረጃ በሚሞላበት ገጽ) ባሕርያት ውስጥ እየታረመ ያለው ረድፍ ብቻ እንዲቆለፍ ያድርጉ። እኔ የምመክረው ግን ከዚህ ይልቃል፦ ቀሪን በአንድ ሳጥን ውስጥ ከማረም ይልቅ እያንዳንዱን ገቢና ወጪ በራሱ ረድፍ መዝግቦ ቀሪውን በድምር ማውጣት ነው፤ ያኔ ሁለት ሰዎች የሚሻሙበት ረድፍ አይኖርም።

ችግር፦ ፋይሉ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ተበላሽቶ አልከፈት ይላል።
ምክንያት፦ ሠንጠረዡም ፎርሙም በአንድ ፋይል ሆነው ሁሉም በኔትወርክ ይከፍቱታል፤ በጽሕፈት መካከል ዋይፋይ ሲቆራረጥ ወይም መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ይጎዳል።
መፍትሄ፦ ፋይሉን ለሁለት ይክፈሉት፤ ሠንጠረዦቹ በጋራ ፎልደር ይቀመጡ፣ የፎርሞቹ ፋይል ግን በየኮምፒውተሩ አንድ አንድ ቅጂ ይኑረው። ዋይፋዩን በኬብል ይተኩ፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ለኮምፒውተሮቹ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሮቹን በኬብል ለሚያገናኘው የኔትወርክ ስዊችም ያስፈልጋል፣ ስዊቹ ከጠፋ ግንኙነቱ ይቋረጣልና። ፋይሉን የማጥበቅና የመጠገን ትእዛዙን (Compact and Repair) ከመስጠትዎ በፊት ሁሉም ይውጣ፣ ቅጂም ይቀመጥ።

ዊንዶውስ 10 ላይ የተጋራ ፎልደር ከ20 በላይ ግንኙነት በአንዴ አይቀበልም፤ የአክሰስ ፋይልም ከ2 ጊጋባይት አይበልጥም። ወደዚያ የሚጠጉ ከሆነ ሠንጠረዦቹን ነፃ ወደሆነው የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ሰርቨር፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ፣ ያዛውሩ፤ ፎርሞቹ በአክሰስ መቀጠል ይችላሉ።