«አገር ስጠኝ»፦ ከተረትና ምሳሌ የተሠራ የቤተሰብ ካርታ አዘገጃጀትና አጨዋወት

ጅማ ላይ የክረምቱ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ከጀመረ ቶሎ አያባራም፤ ልጆች ከደጅ ይገባሉ፣ ቡናው ይቀርባል፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜም ትልቁም ትንሹም በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። ከዚህ በታች የተገለጸው ጨዋታ ለዚያ ሰዓት ታስቦ በቤታችን የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከኮንከርና ከመሳሰሉት የተለመዱ የካርታ ጨዋታዎች የሚለየው ዋና ዋና ሕጎቹ ከተረትና ምሳሌ የተወሰዱ በመሆናቸው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «ውሻ ከጅቡ ቀድሞ ካልተቀመጠ አህያውን አይጠብቅም» ቢባል ይረሳዋል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ግን ከአያቱ ስለሰማው፣ ሕጉን ራሱ ለሌላው ያስረዳል።

ስሙ የመጣው ከእንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የተቀበለ ሰው መልሱን ካጣ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም አንድ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። እኛም የሚሰጠውንና የሚነጠቀውን አገር በካርታ አደረግነው። አገሮቹ አምስት ናቸው፦ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። እነዚህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ አካባቢ የነበሩት አምስቱ የኦሮሞ መንግሥታት ሲሆኑ፣ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙበት ቤተ መንግሥት ዛሬም ጅሬን ላይ ቆሞ ይታያል። ቤተ መንግሥቱን ያየ ልጅ የጅማን ካርታ ለመያዝ ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚጓጓ አስተውያለሁ፤ በጨዋታው ግን ዋጋው ከሌሎቹ እኩል ነው።

ካርታዎቹ በጠቅላላ 45 ናቸው። ወፍራም ኤ ፎር ወረቀት ገዝተው እያንዳንዱን ካርታ ወርዱን 6 ነጥብ 3፣ ቁመቱን 8 ነጥብ 8 ሴንቲ ሜትር አድርገው ቢቆርጡ ከአንዱ ወረቀት 9 ካርታ ስለሚወጣ፣ አምስት ወረቀት ልክ ይበቃል። ወረቀቱ በእርግጥ ወፍራም መሆን አለበት። የመጀመሪያውን ስሠራ በስስ ወረቀት ስለነበር የማርከሩ ቀለም ወደ ጀርባ አልፎ ይታይ ነበር፤ ልጄ አንበሳው በማን እጅ እንዳለ ከጀርባው እያወቀች ሦስት ቀን ሙሉ ስታሸንፈን፣ ምክንያቱን የደረስኩበት በአራተኛው ቀን ነው። የጅማ እርጥበትም ወረቀቱን ስለሚያጣምመው፣ ፊትና ጀርባውን በሰፊ ግልጽ ፕላስተር መሸፈን ይገባል። በእያንዳንዱ ካርታ ላይ የእንስሳው ስምና የጉልበቱ ቁጥር በጉልህ ይጻፋል። በቤት ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም የሚነገር ከሆነ ሁለቱንም ስም መጻፍ መልካም ነው፤ በእኛ ቤት አያትየው ጅብን «ዋራቤሳ»፣ አህያን «ሃሬ»፣ ጦጣን «ቀመሌ» እያሉ ነው የሚጥሉት።

ጨዋታው ተራ በተራ ከአገሮቹ ሥር ካርታ እያስቀመጡ፣ በጉልበት ድምር በልጦ አገሩን መውሰድ ነው። ከአምስቱ አገሮች ሌላ ያሉት 40 ካርታዎች እንደሚከተለው ይከፈላሉ። አንበሳ ሦስት ሲሆን ጉልበቱ 7 ነው፤ ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስለሚባል፣ ጉልበታቸው 1 ብቻ የሆነ ስምንት የድር ካርታዎች አሉ፤ በአንድ አገር ላይ ሦስት ድር ከተገናኘ፣ ያስቀመጧቸው ሰዎች የተለያዩ ቢሆኑም እንኳ፣ በዚያ አገር ያለ አንበሳ ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ነብር ሦስት ነው፤ ጉልበቱ 6። «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» በሚለው መሠረት ነብር ያስቀመጠ ሰው የሚቀጥለውን ካርታውን እዚያው አገር ላይ ለማስቀመጥ ይገደዳል። አህያ ስምንት ነው፤ ጉልበቱ 4 ሲሆን ጭነት ስለሚያመጣ ያስቀመጠው ሰው ከመሬት፣ ማለትም ሳይታደል ከተረፈው ክምር፣ አንድ ካርታ ይስባል። ጅብ ስድስት፣ ጉልበቱም 5 ነው፤ ከእጅ ወጥቶ በተቀመጠበት አገር ያለውን አህያ ሁሉ፣ የራስንም ሳይቀር፣ ይበላል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልምና ሁለት አህያ መደርደር መከላከያ አይሆንም። ጅብ ማንም ካርታ ባላስቀመጠበት አገር ቀድሞ ከገባ ደግሞ፣ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው፣ ጉልበቱ 8 ተብሎ ይቆጠራል። ውሻ ስድስት ነው፤ ጉልበቱ 3 ሆኖ፣ ከጅቡ ቀድሞ ከተቀመጠ በዚያ አገር ያሉትን የጌታውን አህዮች ያድናል። የቀረው ስድስት ጦጣ ነው፤ ጉልበቷ 2 ብቻ ቢሆንም፣ በተቀመጠችበት አገር ካለው ካርታ የማንንም አንድ ካርታ፣ ከአንበሳ በስተቀር፣ አጠገቡ ወዳለው አገር ታዛውራለች። በጦጣ የተዛወረ ጅብ አህያ አይበላም፤ ይህን ያልነው አንድ ማታ ሙሉ ከተከራከርን በኋላ ስለሆነ አስቀድመው ቢስማሙበት ይሻላል።

ጨዋታው ከሁለት እስከ አምስት ሰው ይይዛል፤ እውነተኛ ጣዕሙ የሚወጣው ግን በአራት ነው። አምስቱ አገሮች ከረከቦቱ ራቅ ብሎ በአንድ መስመር ይደረደራሉ። የቀሩት በደንብ ተበውዘው ለእያንዳንዱ ሰው ስድስት ካርታ ይታደላል፤ የተረፈው መሬት ይሆናል። በአቦል የሚጀምረው በዕድሜ ትንሹ ነው። ተራ የደረሰው ሰው አንድ ካርታ መርጦ ከፈለገው አገር ሥር በራሱ በኩል፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ያስቀምጣል። ሁሉም አምስት አምስት ካርታ ሲያስቀምጥ ዙሩ ያበቃል፤ በእጅ የቀረው ይጣላል። ከዚያም በእያንዳንዱ አገር ጉልበት ተደምሮ ትልቁን ያገኘ ሰው አገሩን ይወስዳል፤ ለማስታወሻም አንድ ፍሬ ጥሬ ቡና ይይዛል። ዙሮቹ ሦስት ናቸው፣ ስማቸውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ካርታዎቹ ተሰብስበው እንደገና ይበወዛሉ። በበረካ አንድ አገር ሁለት ፍሬ ያስገኛል። ከአቦል በኋላ ባሉት ዙሮች የሚጀምረው ጥቂት ፍሬ የያዘው ሰው ነው።

አምስት ካርታ ለአምስት አገር ነውና ጀማሪ ሁሉ በየአገሩ አንድ አንድ ይበትናል፤ ይህ ዘወትር ከሚሸነፉባቸው መንገዶች ዋነኛው ነው። ሁለት አገር አጥብቆ ይዞ በሦስተኛው ላይ አንድ ካርታ ጣል ማድረግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ይበልጥ ማሰብ የሚጠይቀው ግን የአህያ፣ የውሻና የጅብ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ ልጅቷ ጌራ ላይ ውሻ አስቀመጠች። ይህ ብቻውን «ቀጥሎ አህያ ይመጣል» ብሎ ማወጅ ነው። አባቷ እጁ ላይ ጅብ ቢኖርም አሁን ማስቀመጡ አይጠቅመውም፤ የሚበላ አህያ ገና የለም፣ አገሩም ባዶ ስላልሆነ ቁርበት አይነጠፍለትም። ዝም ብሎ ሌላ ቦታ ይጫወታል። ልጅቷ አህያውን አምጥታ ጉልበቷን 7 ስታደርስና አንድ ካርታ ስትስብ፣ እርሱ ጦጣ አስቀምጦ ውሻውን ወደ ጎረቤቱ ወደ ጉማ ያዛውራል። አሁን ተራው የእርሷ ነው፤ ሁለተኛ ውሻ ካላት ጌራን ትዘጋለች፤ ከሌላት በሚቀጥለው ተራ ጅቡ ገብቶ አህያውን ይበላና ጌራ 7 ለዜሮ የአባትየው ይሆናል። ውሻው ግን ጉማ ላይ 3 ጉልበት ይዞ ተቀምጧል፤ ብልህ ልጅ ከሆነች ጌራን ለማዳን ከመድከም ይልቅ እዚያ ነብር ታክልበታለች።

አንበሳን ቀድሞ ማውጣት ስሕተት ነው። ልጆቹ ወዲያው ተጠቃቅሰው ድር ያዋጡበታል፤ ጨዋታውም ትልቅ ሰው ዝም ብሎ እንዳያሸንፍ የሚያደርገው ይህ ነው። አንበሳው በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ተራ፣ አንድም ድር በሌለበት አገር ቢገባ ግን ማሰሪያ የሚሆን ጊዜ አይኖራቸውም። ነብርንም እንዲሁ ለመጨረሻ ማቆየት ያጓጓል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስገድድ ተራ የለምና። ይህን ቀዳዳ ለመዝጋት በአምስተኛው ተራ የሚቀመጥ ነብር 3 ብቻ እንዲቆጠር ወስነናል፤ ሕጉ ለሚከብዳቸው ትንንሽ ልጆች ግን ሊተው ይችላል።

ጉልበት እኩል ሲሆን ነገሩ ወደ እንቆቅልሽ ይሄዳል። ከተጋጣሚዎቹ ውጭ ካሉት በዕድሜ ትንሹ «እንቆቅልሽ» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀድሞ የመለሰ አገሩን ይወስዳል፤ ሁለቱም ካልመለሱ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ብሎ ለራሱ ይወስደዋል። ስለዚህ ልጆች ያልተሰማ እንቆቅልሽ ፍለጋ ወደ አያት መሄዳቸው አይቀርም። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል» ዓይነቱ በጅማ አይጠቅምም፤ በአዌቱ ድልድይ ተሻግሮ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሁሉ «ወንዝ!» ብሎ ይጮኻል። በኦሮምኛ ሂቦ፣ ማለትም እንቆቅልሽ፣ የሚጠይቅ ካለም ይፈቀድለታል፣ ተጋጣሚዎቹ ቋንቋውን እስካወቁ ድረስ።

ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ጠያቂ ስለማይኖር እኩል የሆነው አገር ማንም ሳይወስደው ይቀራል። ለእያንዳንዱም ከስድስት ይልቅ ስምንት ካርታ አድሎ ሰባት ማስቀመጥ ይሻላል፤ በአምስተኛው ተራ ስለሚቀመጥ ነብር የተባለውም ያን ጊዜ ለሰባተኛው ተራ ይሆናል። ድር የሚያዋጣ ሌላ ሰው ስለሌለና ተጋጣሚም የራሱን አንበሳ ስለማያስር፣ በሁለት ሰው ጨዋታ ሁለት ድር ለማሰር እንዲበቃ ይደረጋል።