በማርች ዛንዚባር ለመሄድ ያሰባችሁ እነዚህን ስህተቶች እንዳትሠሩ

እዚህ አሜሪካ ብርዱ ሲሰለቸን በማርች አዲስ አበባ ገብተን ቤተሰብ ጠይቀን ከዛ ዛንዚባር ትንሽ ቀን እንረፍ የምንል በዝተናል፣ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ከቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው። እኔ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያው ግን ሳናጣራ ስለሄድን ብዙ ነገር ተበላሽቶብናል።

ትልቁ ስህተት ማርች ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። የወሩ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ባህሩም ጸጥ ያለ ነው፣ ከአጋማሹ በኋላ ግን ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ይገባና እስከ ሜይ ይቆያል፣ ኤፕሪልና ሜይ ላይማ የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። እኛ ዋጋው ቀንሶ ስላየን የወሩን መጨረሻ ቡክ አደረግን፣ ከስድስት ቀን አራቱን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ዝናብ ስናይ ዋልን። ከቻላችሁ የመጀመሪያዎቹን አስር ቀናት ያዙ።

ሁለተኛው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ፓስፖርቴ የአሜሪካ ነው ማለት አይሠራም፣ የሚታየው ከየት እንደመጣችሁ ነው፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ቢጫ ወባ አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ናት፣ አዲስ አበባ ከኤርፖርት ሳትወጡ እንኳን ከ12 ሰዓት በላይ ከቆያችሁ ይጠይቋችኋል። የባለቤቴ እህት ካርዷን ቨርጂኒያ መሳቢያ ውስጥ ትታው መጥታ ሻንጣዋ ከተመዘነ በኋላ አስቆሟት፣ ልጆቿ አጠገቧ ቆመው ስታለቅስ አልረሳውም። ክትባቱ አንዴ ከተወጋችሁ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ግን 10 ቀን ካልሞላው አይቆጠርምና በመጨረሻው ሳምንት አትሩጡ።

ኢንሹራንስ ደግሞ አለን ብላችሁ አትዝናኑ፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የራሷን 44 ዶላር ታስከፍላለች፣ ኦንላይን ቀድማችሁ ጨርሱት።

ቢች በፎቶ መምረጥ! ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። እኛ ፓጄ ነበር የያዝነው፣ ምሥራቅ በኩል፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ፎጣችንን ይዘን ስንወጣ ባህሩ የለም፣ ሸሽቶ ሩቅ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፣ መሃሉ ላይ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው በገመድ የተከሉትን የባህር አረም ይለቅማሉ። ውሃው በቀን ሁለቴ ይሄዳል ሁለቴ ይመለሳል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይገፋል፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የምትፈልጉ ከሆነ ሰሜን ሂዱ፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ፣ ምሥራቁን ከወደዳችሁ ውሃው የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ሰዓት አይታችሁ ውጡና የውሃ ጫማ አድርጉ፣ ድንጋዩ መሃል እግር የሚወጋ እሾሃም ነገር አለ።

ሰዓት ላይ ደግሞ አደራ። ስዋሂሊዎች እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፣ ሳ ምቢሊ ካሏችሁ 2 ሰዓት ማለት ነው፣ በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን የፈረንጁ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ነው ከሰዓት ብላችሁ ሳትጠይቁ ከጀልባ ጋር አትቀጣጠሩ።

ፀሐዩን አትናቁ፣ በማርች መጀመሪያ እኩለ ቀን ላይ ቀጥታ አናት ላይ ናት፣ በደመናም ታቃጥላለች፣ ልጆቹን ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆዩ።

የመጨረሻው ጾም ነው። ደሴቱ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፣ በ2027 ረመዳን ማርች 9 አካባቢ ያበቃል፣ የኛ አብይ ጾም ደግሞ ማርች 8 ይገባል። ረመዳን ከሆነ ቀን መንገድ ላይ አትብሉ አትጠጡ፣ በሌላውም ጊዜ ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ፣ ስትሄዱ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፣ ሰው ቤት ነው የገባችሁት። ጿሚዎች ደግሞ እንራባለን ብላችሁ ጉዞ አትሰርዙ፣ ገና ስትደርሱ ለወጥ ቤቱ ቅቤም ወተትም እንቁላልም አንበላም ብላችሁ ንገሩ። እኛን ያስተናገዱን እናት ባቄላውን በኮኮናት ወተት ቀቅለው ከሩዝ ጋር አቀረቡልን፣ ቆሎ የሚያህል ቀይ ባቄላ፣ መረቁ ወፈር ያለ፣ እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ምግብ አልጠየቀችም።