ጣታችሁን ከጥላው ላይ አንሱልኝ፦ ስኬች ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ጅማ ተቀምጬ ለልጆች መጻሕፍትና ለፖስተር ሥዕል እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ መሣል የሚወዱ ወጣቶች ደብተራቸውን ይዘው ይመጡና አብረን እንሥላለን። ሰዉ ይቀያየራል፤ ስህተቱ ግን ያው ነው። አንዳንዱን በአንድ ቃል አልፈዋለሁ። አንዱ ግን ትዕግሥቴን ስለጨረሰው ይርዘምባችሁ።

ሙሉ ፓኬት እርሳስ መግዛት

በቆርቆሮ ሣጥን ከኤች እስከ ቢ ተደርድሮ የሚመጣው እርሳስ ሲያዩት ያምራል። ውስጡ ያለው ጥቁሩ ዘንግ ግራፋይትና ሸክላ ነው። ሸክላው ሲበዛ ይጠነክርና ይገረጣል፣ ያ ኤች ነው፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልስና ይጠቁራል፣ ያ ቢ ነው። ፈረንሳዊው ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 ካስመዘገበው ወዲህ መሠረቱ ይኸው ነው። በሦስት ቢና በአራት ቢ መካከል ያለውን ልዩነት ወረቀት ላይ ለይቶ የሚነግረኝ ጀማሪ እስካሁን አልመጣም። ኤችቢ፣ ሁለት ቢ እና ስድስት ቢ ይበቁዋችኋል፤ በተረፈው ብር ወረቀት ግዙበት። ስትቀርጹም በምላጭ ይሁን፤ ዘንጉ ረዘም ብሎ ከወጣ ጫፉ ቀጭን መስመር፣ ጎኑ ሰፊ ጥላ ይሰጣችኋል። እርሳስ መሬት ከወደቀ ውስጥ ውስጡን ይሰበራል፤ በቀረጻችሁት ቁጥር እየተቆረጠ የሚያቃጥላችሁ ለዚህ ነው።

ጥላን በጣት ማሸት

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር። “ሼድ አደረግሁት” ብሎ ደብተሩን የሚዘረጋልኝ ልጅ ሁሉ አውራ ጣቱ ጥቁር ነው። በእርሳስ ይጭራል፣ በጣቱ ያሻል። ጣቱ ሲደክመው በሶፍት ያሻል። ገጹ ግራጫ ይሆናል፣ ይለሰልሳል፣ ስልክ ላይ ሲለጠፍ “ፎቶ ይመስላል!” ይባልለታል። ከዚያ በኋላ ማን ይመክረዋል?

ወረቀት እርሳስ የሚይዘው ላዩ ሸካራ ስለሆነ ነው። ስታሹት ያ ሸካራነት በግራፋይት ይሞላል፣ የጣታችሁ ወዝም ይጨመርበታል። ከዚህ በኋላ ላጲስ አያነሳውም፤ ሌላ እርሳስ ብትደርቡበትም ይንሸራተታል እንጂ አይጠቁርም። ስለዚህ ጨለማው ጨለማ አይሆንም፣ ነጩም ነጭ ሆኖ አይቀርም። ማተሚያ ቤት ሲገባ ደግሞ ያ ሁሉ ልስላሴ አፈር የነካው ጨርቅ መስሎ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ፣ ማሸት አለማወቅን መሸፈኑ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ የጅማ በርጩማ ሥሎ አመጣ፤ ያ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው፣ ባለ ሦስት እግሩ፣ መቀመጫው መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለው። ሥዕሉ ለስልሷል፤ መቀመጫው ግን ይጎድጉድ ይበጥ አይታወቅም። “ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?” አልኩት። ዝም። “ጉድጓዱ ከየት ይጀምራል?” ዝም። ጣቱ ሁለቱንም ጥያቄ ሳይመልስ አልፏቸዋል።

ያንኑ በርጩማ በመስመር ብቻ እንዲሠራ ጠየቅሁት። ጉድጓዱ ላይ መስመሮቹ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ እግሮቹ ላይ እግሩን እየዞሩ ይሄዳሉ። ጥላ ሲፈለግ መስመሮቹን ማቀራረብ፣ ይበልጥ መጥቆር ሲኖርበት ሌላ መስመር አቋርጦ መደረብ። እንዲህ ስትሠሩ እያንዳንዷ መስመር ወዴት እንደምትሄድ ሳትወስኑ እጃችሁ አይንቀሳቀስም። ልጁ ፊቱን አኮሳትሮ ሠራው። ከመጀመሪያው ሻካራ ነው፤ ግን የሚቀመጡበት በርጩማ ሆነ።

“ትልልቆቹ ሰዓሊዎችም ያሻሉ እኮ!” የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ያሻሉ፤ በከሰልና በፓስቴል (ጠመኔ በሚመስለው ባለቀለም ዘንግ) ደግሞ ማሸት የራሱ ቦታ አለው። እነሱ የሚያሹት ግን ቅርጹን ቀድመው ያወቁትን ነው። እናንተ ለጊዜው መዳፋችሁ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጉና ጣታችሁን ሰብስቡ። እርሳሱ እንዳይለቅ ብላችሁ የፀጉር ስፕሬይም አትንፉበት፤ እየቆየ ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል።

ፀጉራም መስመር

አንዱን መስመር በሃያ ጭረት አትሥሩ። መነሻና መድረሻውን በነጥብ ያዙ፣ ክንዳችሁን ከትከሻ አንቀሳቅሱ፣ አንዴ ሂዱ። ከተበላሸም ትክክለኛውን አጠገቡ ሳትሠሩ ላጲስ አታንሱ፤ ያጠፋችሁትን ስለማታዩት ያንኑ ትደግሙታላችሁ።

የሲኒው አፍ

ጅማ ሆኖ ሲኒ ያልሣለ ጀማሪ የለም፤ አፉን ሁለት ጫፉ የሾለ፣ ታቹን በማስመሪያ የተሰመረ የሚያደርገው ግን ይበዛል። ክብ ነገር ከጎን ሲታይ ይጠፈጠፋል እንጂ ማዕዘን አያወጣም። ከዓይናችን ይበልጥ ዝቅ ያለ ክብ ደግሞ ይበልጥ ተከፍቶ ይታያል፤ ስለዚህ የሲኒው ታች ከአፉ የባሰ መጉበጥ አለበት እንጂ ቀጥ ማለት የለበትም። ረከቦቱ ላይ ከኋላ የተደረደሩት ሲኒዎች አፋቸው ከፊተኞቹ ይልቅ ጠበብ ብሎ ይታያል። ቡናው እስኪፈላ ይህን ማየት ይቻላል።

ከስልክ መገልበጥ

ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ብዙዎቹ የሚሥሉት ከስልካቸው ነው። የስልክ ካሜራ ሰፊ ነገር እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ቀርበው ቀና አድርገው ካነሱበት ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ይጋደላሉ፣ የቅርቡ ይገዝፋል፣ የሩቁ ያንሳል። ጀማሪው ያንን መጋደል እንዳለ ገልብጦ “ፐርስፔክቲቭ ነው”፣ ማለትም ርቀትን ማሳያ ነው፣ ይለኛል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሄዳችሁ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ሦስት ነገር ብቻ ለዩ፦ ብርሃን፣ መካከለኛ፣ ጨለማ። ካሜራው ድፍን ጥቁር ያደረገው ሰገነት ሥር፣ ለዓይናችሁ እንጨቱ ሁሉ ይታያል።

ገበያ ውስጥ ተደብቆ መሣል

ሐሙስ ገበያው ሲደምቅ ሰው ልትሥሉ ብትወጡ ማንም ቆሞ አይጠብቃችሁም። አንድ ገጽ ላይ አራት አምስት ምስል ጀምሩ፤ አንዷ ዞር ስትል ወደ ሌላው እለፉ። እህል የምትሰፍር ሴት ያንኑ እንቅስቃሴ መደጋገሟ ስለማይቀር ተመልሳችሁ ትቀጥላላችሁ። ተደብቆ የሚሥል ግን ይጠረጠራል፣ ደግሞም ነውር ነው። “አካም ጅርቱ” ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ “እማማ፣ ልሣልዎት?” በሉ፤ ስትጨርሱ አሳዩ። አንዲት እናት ከተማሪዎቼ አንዱን “ልጄ፣ ነጠላዬንስ የት ጣልኸው?” ብለው መልሰው አስቀመጡት። እንዲህ ያለ እርማት እኔ ዘንድ አይገኝም።

ሳይሞክሩ ውሃ መንካት፣ በስኳር ቡና መሣል

በጄል እስክሪብቶ ያለቀ ሥዕል ላይ ውሃ ቀለም አስነክቶ መስመሩ ሁሉ ሲፈስ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። ቀድማችሁ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጫሩ፣ ይድረቅ፣ በረጠበ ጣት እለፉበት። ቢክ ላጲስ ስለሌለው ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ብርሃን ላይ ስለሚደበዝዝ ግን አትሽጡት።

በቡና መሣል እዚህ የተለመደ ነው፣ እወደዋለሁም። ስኳር የገባበት ግን ደህና አድርጎ አይደርቅም፤ ገጽ ከገጽ ያጣብቃል፣ ጉንዳን ይጠራል። ስኳር ያልነካውን ቡና እስኪወፍር አፍሉት፤ ከቀጭኑ ጀምራችሁ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ደርቡ። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው የፎቶኮፒ ወረቀት ይኮማተራል፤ 300 ግራም ብታገኙ ጥሩ፣ ካጣችሁም ከ200 አትውረዱ። ቡናም ብርሃን ስለሚያደበዝዘው ቶሎ ስካን ይደረግ፤ ለቀለም ሥራ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚያርፉ ነጥቦች ቁጥር)፣ ለንጹሕ ጥቁር መስመር 600።

የረጠበ ደብተር መዝጋት

ጅማ ዝናቧ አይታመንም፤ ቦርሳችሁ ውስጥ ፌስታል ይኑር። ቤት ስትገቡ ግን ደብተሩን ከፌስታሉ አውጡት፣ ታፍኖ ካደረ ይሻግታል። ገጾቹ ከረጠቡ በየመሐሉ ደረቅ ወረቀት አስገቡ፣ ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኑ፣ ጠዋት ወረቀቶቹን ቀይሩ። ምድጃ አጠገብ አታድርጉት፤ ሸብሽቦ ይቀራል።