ጋማ ካሜራው ያሳየው ነጥብ የታካሚው ነው ወይስ የማሽኑ?

ጋማ ካሜራ ለታካሚው ከተወጋው ጨረር አመንጪ መድኃኒት የሚወጣውን ጋማ ቆጥሮ ምስል የሚሠራ ማሽን ነው። መድኃኒቱ ወደ አጥንት ሄዶ በሚነሳው የአጥንት ስካን ላይ ያልተጠበቀ ነጥብ ብቅ ሲል፣ ሐኪሙ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት ታካሚው አልጋው ላይ ትንሽ ጠጋ ይበልና ያው ቦታ እንደገና ይነሳ። ነጥቡ አብሮት ከሄደ የታካሚው ነው። እሱ ተንቀሳቅሶ ነጥቡ ባለበት ከቀረ ማሽኑን ጠርጥሩ። መድኃኒቱ ቀድሞ ስለተወጋ ይህ ድጋሚ ምስል ተጨማሪ ጨረር አይሰጠውም። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሳይደረግ ቢቀር ግን ካንሰሩ ያልተሰራጨበት ሰው ተሰራጭቶብሃል ሊባል ይችላል።

ቆጠራ የጎደለበት ክብ ቦታ

ብዙ ጊዜ አንድ ፎቶመልቲፕላየር ቱዩብ (ጋማው በካሜራው ክሪስታል ውስጥ የሚፈጥረውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል) ሞቷል ወይም ቮልቴጅ አይደርሰውም። ሙሉ ሰውነት ሲነሳ ካሜራው ስለሚጓዝ፣ ያው ጉድለት ክብነቱን ይተውና በሰውነቱ ርዝመት የተሳበ መስመር ይሆናል። ጨረር በእኩል በሚያወጣ የኮባልት-57 ሰሌዳ ታካሚ የሌለበት ፍለድ ምስል (የካሜራው ገጽ ሁሉ እኩል መቁጠሩን የሚያሳይ) አንሱ። እዚያም ከታየ ሥራ አቁሙና የባዮሜዲካል ባለሙያ ጥሩ። አዲስ የዩኒፎርሚቲ ካሊብሬሽን (የምስሉን ገጽ እኩል የሚያደርግ ማስተካከያ) ሠርታችሁ አትለፉት። ምስሉ የተስተካከለ ይመስላል እንጂ ያ ቱዩብ ያልቆጠረው ተመልሶ አይመጣም።

የቱዩቦቹ ቅርጽ በምስሉ ሁሉ ሲታይ

እዚህ ላይ መጀመሪያ የኢነርጂ ዊንዶውን፣ ማለትም ካሜራው የሚቆጥረውን የጋማ ኢነርጂ ክልል እዩ። በአጥንት መድኃኒቱ ውስጥ ያለው የቴክኒሺየም-99ኤም ጋማ 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ 20 በመቶ ዊንዶው ከ126 እስከ 154 ይዘልቃል። ጠዋት ካሜራው በኮባልት-57 ተፈትሾ ዊንዶው 122 ላይ ከተረሳ የሚይዘው ከ110 እስከ 134 ያለውን ብቻ ነው። 140 ላይ ያለው ዋናው ጫፍ (ቆጠራው የሚበዛበት ኢነርጂ) ውጭ ይቀራል። ቆጠራው ይወርዳል፣ ቱዩቦቹም አንድ በአንድ ይለያሉ። ዊንዶውን መልሱና እንደገና አንሱ።

ዊንዶው ትክክል ሆኖም ከታየ ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንደነበር ጠይቁ። የቱዩቦቹ ጉልበት ከቮልቴጅና ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ፣ ካሜራው እንደተነሳ ሥራ መጀመር አያዋጣም። እስኪረጋ ጠብቁ፣ ጫፉን እንደገና አስተካክሉ፣ ፍለድ አንሱ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያስቀጥል መሣሪያ) የግድ ነው።

ቀጭን፣ የተሰባበረ መስመር

ክሪስታሉ ተሰንጥቋል። የተሠራበት ሶዲየም አዮዳይድ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥም እርጥበትም አይችልም። ስንጥቅ አይጠገንም፤ መቀየር ነው። ስለዚህ የክፍሉን ኤሲ አታጥፉ። ኮሊሜተር (ክሪስታሉ ፊት የሚገጠም ቀዳዳማ የእርሳስ ሰሌዳ) ከወጣ በኋላም ክሪስታሉን ገልጣችሁ አትተዉት።

ታይሮይድና ጨጓራ በአጥንት ስካን ላይ ሲያበሩ

ካሜራውን ተዉት፤ መድኃኒቱን እዩ። ከአጥንት መድኃኒቱ ጋር ያልተያያዘ ቴክኒሺየም ወደ ታይሮይድ፣ ወደ ምራቅ ዕጢዎችና ወደ ጨጓራ ይሄዳል። አንዱ የተለመደ ምክንያት ወደ ብልቃጡ የገባ አየር ነው፤ ቴክኒሺየሙ ከመድኃኒቱ ጋር እንዲያያዝ የሚረዳውን ቲን ኦክሲዳይዝ ያደርገዋል። ከዚያው ብልቃጥ የተወጉትን ሌሎች ምስሎችም አወዳድሩ። ቀሪውን በክሮማቶግራፊ (ያልተያያዘውን ቴክኒሺየም ለይቶ በሚያሳይ ፍተሻ) ሳትፈትሹ ለማንም አትውጉ።

ከታካሚው ጋር የሚሄድ፣ ግን በሽታ ያልሆነ

የአንገት መስቀል፣ የቀበቶ ዘለበት ወይም ኪስ የቀረ ሳንቲም ጋማውን ሊጋርድ ይችላል። ልብስ ላይ የነካ ሽንት ደግሞ ዳሌ ላይ ደማቅ ነጥብ ይሠራል። ልብሱ ይቀየር፣ ቆዳው ይጠረግ፣ ከጎንም አንድ ምስል ይነሳ። ነጥቡ ከአጥንቱ ውጭ ከወጣ መልሱ ተገኘ።

በስፔክት ላይ ቀለበት

በተራ ምስል ለዓይን የማይታይ የዩኒፎርሚቲ ጉድለት በስፔክት (ካሜራው በታካሚው ዙሪያ ዞሮ በሚሠራው ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል) ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለስፔክት የሚሠራው የፍለድ ካሊብሬሽን ብዙ ሚሊዮን ቆጠራ ይፈልጋል። በጥድፊያ የተሠራ ፍለድ ራሱ ቀለበት ይጨምራል።