ሁለት ገጽ፣ ሁለት ቁጥር፦ ደጋግሜ የጠገንኩት የኮድ ብልሽት

የምሠራው አራት ኪሎ ነው። ሰው የጻፈውን ኮድ እጠግናለሁ። የደመወዝ ሲስተም፣ የመጋዘን መዝገብ፣ የክሊኒክ ካርድ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፤ የመጣውን ሁሉ። ደንበኛ ሲደውል የሚለው ነገር አንድ ነው፦ "ሲስተሙ እምቢ አለ።" ላፕቶፔን ይዤ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ መርካቶ እወርዳለሁ።

ይህን የምጽፈው ኮድ ለሚጽፉ ልጆች ነው። ሰርቨሩ መነሳቱን፣ ዲስኩ አለመሙላቱን፣ ሎጉን (ሲስተሙ ራሱ የሚጽፈውን መዝገብ) ማንበባችሁን አልጠይቅም። ያንን ሁሉ አይታችሁ ምንም ካላገኛችሁ፣ ችግሩ የተቀበረው ኮዱ አጻጻፍ ውስጥ ነው።

ምልክት፦ ኮዱን የጻፈው ልጅ ራሱ አያውቀውም

መንስኤው ስም ነው። ዳታ፣ ዳታ2፣ ቴምፕ፣ ኤክስ፣ ሪዘልት_ኒው። በሚጻፍበት ቀን ነገሩ ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ስላለ ይገባል። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቅላት ሌላ ሥራ ይዟል።

መፍትሄው፦ ቫሪያብሉን (ዋጋ የሚቀመጥበትን ስም) በያዘው ነገር ጥሩት። "ያልተጣራ_ደመወዝ" ሲባል ማንም ይረዳዋል። ፋንክሽን ሥራ ስለሚሠራ በግስ ይጠራ፤ "ግብር_አስላ" እንደማለት። በእንግሊዝኛ ብትጽፉትም በአማርኛ ችግር የለም፤ ግን አንዱን ምረጡና በሱ ጽኑ። አንድ ሲስተም ውስጥ ሠራተኛው በአንድ ፋይል "ኢምፕሎዪ"፣ በሌላው "ስታፍ"፣ በሦስተኛው "ሰራተኛ" ሆኖ አግኝቻለሁ። ሦስቱ አንድ መሆናቸውን እስካረጋግጥ ግማሽ ቀን ሄደ። ያንን ግማሽ ቀን ደንበኛው ከፍሎበታል።

ምልክት፦ አንዱ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ገጽ ላይ ሌላ ቁጥር

ብዙውን ጊዜ የሚደወልልኝ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በደንብ ላውራበት።

መንስኤው አንድ ሕግ ብዙ ቦታ መጻፉ ነው። ሰውየው ስሌቱን አንዴ ጻፈ። ሌላ ገጽ ሲሠራ ያው ስሌት አስፈለገው። ኮፒ አድርጎ ለጠፈ። "ለጊዜው" አለ። እኔ ይህችን "ለጊዜው" የምትል ቃል በጣም እፈራታለሁ። ኮድ ውስጥ ለጊዜው ተብሎ የገባ ነገር አምስት ዓመት ሲቀመጥ አይቻለሁ።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት የገቢ ግብር ሕጉ ተሻሻለ። ግብር የማይከፈልበት ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። 35 ፐርሰንት የሚጀምርበት ጣሪያ ከ10,900 ወደ 14,000 ወጣ። መሃል ያሉት እርከኖችም ተቀየሩ። ያ ሰሞን ስልኬ አላረፈም።

ስታዲየም አካባቢ ካለ አንድ ድርጅት የሒሳብ ሹሟ ደወሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው።

"ልጄ፣ ወረቀቱና ባንኩ አልተስማሙም።"

"እንዴት እትዬ?"

"12,000 ብር የሚበላ ሠራተኛ አለኝ። ወረቀቱ ላይ 2,250 ግብር ይላል። ለባንክ የሚላከው ዝርዝር ግን 2,700 ቆርጦበታል። ልጁ ቢሮዬ በር ላይ ቆሟል።"

ወረቀቱ ልክ ነበር። በአዲሱ ሕግ 12,000 በ30 ፐርሰንት ተባዝቶ 1,350 ሲቀነስለት 2,250 ይመጣል። የባንኩ ዝርዝር በድሮው እየሄደ ነው፤ በ35 ፐርሰንት ተባዝቶ 1,500 ሲቀነስለት 2,700። ከአንድ ሰው 450 ብር። ይህ የአስቤዛ ብር ነው፤ ቀልድ አይደለም።

ሲስተሙን የሠራው ልጅ ማስተካከያውን ሠርቶ ነበር። የደመወዝ ወረቀቱን ገጽ ከፍቶ፣ ቁጥሮቹን ቀይሮ፣ ሞክሮ፣ "አልቋል" ብሎ ሄደ። እኔ 10900 ብዬ ስፈልግ ስሌቱ ሌላ አምስት ቦታ ተገኘ። የባንክ ዝርዝር፣ የግብር ማሳወቂያ ሪፖርት፣ የትርፍ ሰዓት፣ ለወጣ ሠራተኛ የሚከፈል የዓመት ፈቃድ፣ ወደ ኤክሴል የሚላከው። ፍለጋው ያላገኛቸውም ነበሩ። አንዱ ቦታ ላይ "ከ10901 በታች" ተብሎ ነው የተጻፈው። ሌላው ኮዱ ውስጥ የለም፤ ዳታቤዙ ውስጥ ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ራሱ የሚያስኬደው ኮድ) ሆኖ ተቀምጧል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የትርፍ ሰዓቱ ነው። በድሮው ሕግ የ30 ፐርሰንቱ እርከን ተቀናሽ 955 ነበር። እዚያ ኮፒ ላይ 995 ይላል። ሲጻፍ ጣት ስቷል። ያ እርከን ውስጥ የወደቀ ሰው ግብር በ40 ብር አንሶ ሲሰላ ስንት ወር እንደቆየ እግዜር ይወቀው። ስሌቱ አንድ ቦታ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በመጀመሪያው ወር ይታይ ነበር፤ ሁሉም ገጽ ላይ ይወጣልና።

መፍትሄው ይኸው። በቅደም ተከተሉ ሂዱ።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ፈልጉ። ቁጥሩን ብቻ አትፈልጉ፤ ጎረቤቶቹንም ፈልጉ። 10900፣ 10901፣ 1500፣ 0.35፣ 35። ዳታቤዙን አትርሱ። ስክሪኑ ላይ የሚያሰላ ጃቫስክሪፕት ካለ እሱንም እዩ። ያገኛችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ዘርዝሩ። እኔ እስክሪብቶ ይዤ ነው የምሠራው፤ እያንዳንዱን ስጨርስ እሰርዘዋለሁ።

ቀጥሎ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ) ጻፉ። መልሱን በካልኩሌተር አስልታችሁ የምታውቁትን ደመወዝ ምረጡ። በአሁኑ ሕግ 2,000 ሲገባ 0 መውጣት አለበት። 4,000 ሲገባ 300። 12,000 ሲገባ 2,250። 14,000 ሲገባ 2,850። 20,000 ሲገባ 4,950። ድንበሩ ላይ ያሉትን አትዝለሉ፤ ስህተት የሚደበቀው እርከን ከእርከን የሚገናኝበት ቦታ ነው። "ጊዜ የለኝም" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ አምስት መስመሮች ሩብ ሰዓት አይፈጁም።

ከዚያ ስሌቱን አንድ ፋንክሽን ውስጥ አስገቡት። እርከኖቹን ከኮዱ አውጥታችሁ ሠንጠረዥ ላይ አድርጓቸው፤ መነሻ፣ ፐርሰንት፣ ተቀናሽ፣ ከመቼ ጀምሮ። ይህችን "ከመቼ ጀምሮ" የምትለዋን ዓምድ እባካችሁ አትተዉ። ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት የነበረ ወር ሒሳብ እንደገና ሲወጣ በድሮው ነው መሰላት ያለበት። አንድ ቦታ የድሮውን ሠንጠረዥ አጥፍተው በአዲሱ ተክተውት ደረስኩ። ያለፈውን ዓመት ሪፖርት ሲያወጡ ሁሉም ቁጥር ተቀይሯል። ኦዲተር ፊት ይህን ማስረዳት ከባድ ነው።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ኮፒ በተራ እያወጣችሁ አዲሱን ፋንክሽን አስጠሩት። አንድ ቦታ ስትቀይሩ አንድ ኮሚት (ለብቻው የተመዘገበ ለውጥ)። ስምንቱን ቦታ በአንድ ኮሚት ቀይራችሁ አንዱ ከተበላሸ የቱ እንደሆነ አታውቁም። የድሮውን ኮድ ኮመንት አድርጋችሁ አታስቀምጡ፤ ሰርዙት። የኮዱን ታሪክ የሚመዘግበው ጊት ይዞላችኋል።

አሁን ማስጠንቀቂያ። ይህን የሰማ ሰው ተመሳሳይ ቁጥር ሁሉ አንድ ላይ መጠቅለል ይጀምራል። አትጠቅልሉ! ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 ፐርሰንት ነው። የደመወዝ ግብሩ የመጀመሪያ እርከንም 15 ፐርሰንት ነው። አንድ ጁኒየር ልጅ ሁለቱን አይቶ "ፐርሰንት_15" የሚባል አንድ ቫሪያብል ሠራላቸው። ንጹሕ ያደረገ መስሎት ነው፤ አልፈርድበትም። ግን አንደኛው ሕግ ሲቀየር ሌላውም አብሮ ይቀየራል። ደግሞ ስሙ ምንም አይናገርም። 15 መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ነግሮናል። የምንፈልገው ለምን 15 እንደሆነ ነው። ጡረታም እንዲሁ ነው። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 ፐርሰንት። ይህ 7 ኮዱ ውስጥ ካለው ከሌላ 7 ጋር ዝምድና የለውም።

ሌላው 7 የቱ ነው? የዘመን አቆጣጠሩ። ያው በሽታ በሌላ መልኩ።

ከፈረንጅ ዓመት 8 ቀንሶ የኛን ማግኘት። ይህን "ቀንስ 8" ፒያሳ አንድ ክሊኒክ ሲስተም ውስጥ አሥራ አንድ ቦታ አግኝቼዋለሁ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ያለው ልዩነት 7 ነው፤ የሕሙማኑ ዕድሜ በዚያ ወቅት ሁሉ በአንድ ዓመት ይዛባል። አንድ ሰው ነቅቶ "ወሩ ሴፕቴምበር ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ 7" ብሎ አስተካክሏል፤ ሦስት ቦታ ብቻ። የሴፕቴምበር የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ፣ ማለትም ገና አሮጌው ዓመት መሆናቸውንም ረስቷል። ሌላው ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ብሎ ቆልፎታል። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ጠዋት ካርድ ክፍሉ በሽተኛ መመዝገብ አቃተው። ሰልፉ በር ላይ ደረሰ። "ሲስተም የለም" ተባለ።

ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜ 6 ናት። እናቶቻችን ዘመነ ሉቃስ ብለው የሚያውቁት ነው። ከ2015 ቀጥሎ ያለው 2019 ነው። ሲስተማችሁን ከዚያ በፊት ሞክሩት። ቀን መቀየሪያውን በየገጹ አትጻፉ፤ ተሞክሮ የተፈተነ ላይብረሪ ተጠቀሙ፣ እሱንም በአንድ ፋንክሽን በኩል ብቻ ጥሩት። ዳታቤዝ ውስጥ ቀኑን በአንድ አቆጣጠር አስቀምጡ። ሰው ሲያየው ብቻ ቀይሩት። ሁለቱንም አቆጣጠር በሁለት ዓምድ የሚያስቀምጡ አሉ፤ አንድ ቀን ሁለቱ ይጣላሉ፣ ያኔ የቱን እንደምታምኑ አታውቁም።

ምልክት፦ ሥራው አልተሠራም፣ ስህተትም አልታየም

መንስኤው ባዶ ካች (ስህተት የሚያዝበት የኮድ ክፍል) ነው። ስህተት ሲመጣ ይያዝና ምንም አይደረግም። መርካቶ አንድ አከፋፋይ ዘንድ ደንበኛው በስልክ ከፍሏል፣ ብሩ ገብቷል፣ ሲስተሙ ግን "አልከፈለም" ይላል። ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ሲቆረጥ መልሱ አይደርስም፤ ኮዱ ስህተቱን ውጦ ዝም ይላል። ጋሼ ባለሱቁ ደንበኛውን በሌብነት ጠርጥረው ተጣልተዋል። ለሃያ ዓመት የሚያውቁትን ሰው።

መፍትሄው፦ መፍታት የማትችሉትን ስህተት አትያዙ፤ ወደ ላይ ይሂድ። ከያዛችሁት የክፍያውን ቁጥርና ሰዓቱን ሎግ ላይ ጻፉ። ክፍያ ደግሞ "ተከፍሏል" እና "አልተከፈለም" ብቻ አይበቃውም። "እየተጣራ ነው" የሚል ሦስተኛ ሁኔታ ስጡትና በኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ ሥራ አብጁለት። ባዶ ካች ጽፎ ፕሮዳክሽን የሚያወጣ ሰው ሥራውን ያከብራል ብዬ አላምንም።

ምልክት፦ ማንም የማይነካው ፋይል አለ

መንስኤው አንድ ፋንክሽን ሁሉን ነገር መሥራቱ ነው። ያነባል፣ ያሰላል፣ ያስቀምጣል፣ ኢሜይል ይልካል። ኢፍ ውስጥ ኢፍ፣ እሱ ውስጥ ሌላ ኢፍ።

መፍትሄው ከዜሮ መጻፍ አይደለም። ከዜሮ የጀመሩትን አውቃቸዋለሁ፤ የድሮው ኮድ በስንት መከራ የተማራቸውን ልዩ ሁኔታዎች ጥለው እንደገና ከደንበኛ ይማሩታል። ከላዩ ላይ በትንሽ በትንሹ ቁረጡ። ስም ልትሰጡት የምትችሉትን አሥርና ሃያ መስመር አውጡና ፋንክሽን አድርጉት። የማይሆነውን ሁኔታ መጀመሪያ ላይ አሰናብቱት፤ ኢፎቹ ይቀንሳሉ። ኮመንት ስትጽፉ ኮዱ የሚለውን አትድገሙ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጻፉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከታየ ዳታቤዙ ወይም ኮኔክሽኑ ዩቲኤፍ-8 (የአማርኛ ፊደልን ጭምር የሚይዝ አጻጻፍ) አይደለም፤ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው አይመለስም፣ ባክአፕ ፈልጉ።

ስም ተፈልጎ ካልተገኘ ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ ተለዋውጠዋል። ለፍለጋ የሚሆን ሁሉንም ወደ አንድ የሚያመጣ ዓምድ ጨምሩ፤ ሰውየው የጻፈውን ስም ግን አትንኩ።

ድምር በሳንቲም ከሳተ ብሩ በፍሎት (ነጥብ ያለውን ቁጥር በግምት በሚይዝ ዓይነት) ተይዟል። በሳንቲም ሙሉ ቁጥር ወይም በዴሲማል ያዙት።

ሰዓት በ3 ከሳተ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚሄደው፤ የኛ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በ6 ከሳተ አንድ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ሁለቴ ቀይሮታል፣ ወይም ጭራሽ አልቀየረውም። በ9 ከሳተ ሁለቱ ተደርበዋል፤ መጀመሪያ የ3ቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ የቀረውን ፈልጉ።